እጣቢ የጠጣ ጌሾ

አስቀድሜ ልናዘዝ፤ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ስላችሁ ጅብ ሲጮህ ብርድ ልብስ የሚከናነበውን ዓይነት አይደለም፤ እሱንማ ማን አይከናነብም? እኔ የምፈራው በጠራራ ፀሐይ የሚመጣውን ነው። የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ እፈራለሁ። ሐኪም አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ሲጽፍ እፈራለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስልኩን ለሚስቴ እሰጣለሁ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እናቴም ደብረ ብርሃን ተቀምጣ በእኔ ነገር አንድም ቀን አትሰጋም። ከሁሉ አስበልጬ የምፈራው ግን አከራይ ነው። አከራይ የማይፈራ ተከራይ እስካሁን አላየሁም፤ ካያችሁ አስተዋውቁኝ፣ እሱንም ልፍራው።

የእኔ አከራይ እትዬ የሽመቤት ይባላሉ። ባሕር ዳር ወዳለ አንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ተዛውሬ ከመጣሁ ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከባለቤቴ ከሰላም ጋር እሳቸው ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ እንኖራለን። በአራት ዓመት አንድ ቀን ተቆጥተውን አያውቁም። የሚያስፈራውም እሱ ነው። «እኔ ሰው አልቆጣም፤ እታዘባለሁ እንጂ» ይላሉ። የተቆጣ ሰው ጮኾ ይወጣለታል፤ የታዘበ ሰው ግን ዝም ብሎ ያስቀምጥልሃል። ስንት ነገር ተቀምጦልኝ ይሆን እያልኩ ነው ደጃፋቸውን በእግሬ ጣት የማልፈው።

ከደጃፋቸው በስተቀኝ አንድ ጌሾ አለ። ባለቤታቸው ጋሽ ሙላት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በተጋቡ ዓመት ችግኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጀልባ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈው ከዘጌ ያመጡት ነው። ጋሽ ሙላት ካረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ ጌሾው ቀረ። እትዬ የሽመቤት የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ሲደርስ ጠላ የሚጠምቁት በዚህ ጌሾ ብቻ ነው። «የገበያው ይመራል፤ የሙላት ግን ይመክራል» ይላሉ። ጠላ ምን እንደሚመክር አልጠየቅኩም፤ መጠየቅም ያስፈራኛል። ጠዋት ጠዋት ግን ቅጠሉን ዳሰስ አድርገው «እንዴት አደርህ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ውሃው ልግባ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ብሎ የተረተው ሰው ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ መሆን አለበት። ጣናን የሚያህል ውሃ በእግር ሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ተኝቶ፣ እኛ ግቢ ያለው ቧንቧ ደረቅ ሳል ያስላል። በሳምንት አንዴ ሲመጣ ታንከሩን፣ ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሳይቀር እንሞላለን። ታዲያ አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ በልብስ እጣቢ ቲማቲም ሲያበቅል አየሁ። ፈሪ ሰው ስልክ ላይ ሲሆን ይደፍራል። አሮጌ በርሜል ፈልጌ አመጣሁ፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋ፣ ከዚያ የተፈጨ ከሰል አደረግኩበት። ሰላም ልብስ ስታጥብ የሚወጣውን ውሃ በበርሜሉ አሳልፌ፣ በጎማ ወደ ጓሮ ጎመኔ ለቀቅኩት።

እትዬ የሽመቤት ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጣፍተው ቆመው አዩኝ።

«እጣቢ የተደፋበት እንኳን ሊበላበት አይረገጥም፤ ይለክፋል» አሉ።

ስለ አሸዋው፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ሰውዬው ቲማቲም አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ጎመኑ ያንተ፣ ልክፍቱም ያንተ። ለጌሾዬ ግን እንዳታስጠጋብኝ።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ እትዬ!»

ጎመኑ ጉድ አሰኘ። ቅጠሉ ሰፌድ አከለ። ጎረቤት እየመጣ ያይ ጀመር፤ እኔም በርሜሉ አጠገብ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ማስረዳት ለመደብኝ። ያ ጎመን ባያምርልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩላችሁ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ስልክ መጣ። ቆላ ድባ ያሉት የእትዬ የሽመቤት ታላቅ እህት፣ እቴቴ የሚሏቸው፣ ታመው አልጋ ይዘዋል። እትዬ በማግስቱ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ጌሾው ሥር ጠሩኝ።

«በሁለት ቀን አንዴ ሁለት ባልዲ ከታንከሩ፣ ንጹሁን። ዘንድሮ ሰኔ ሚካኤል የኔ ተራ ነው። አደራህን።»

አደራ! ሌላው ቃል ሁሉ ጆሮ ላይ ይቀራል፤ ይህኛው ግን ትከሻ ላይ ነው የሚወጣው። «አደራዎትን በሰማይም በምድርም!» አልኩ። ሰማዩን ማን ጨምር አለኝ?

ሁለት ሳምንት ያህል አደራዬን በላሁ አይባልም። ከዚያ ቧንቧው ጠፋ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ዘጠነኛው ቀን ላይ ሰላም የታንከሩን ሆድ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ከታች ጥቂት ሲቀረው ባዶ ጮኸ።

«ወይ ጌሾው ይጠጣ፣ ወይ እኛ እንታጠብ፤ ምረጥ» አለች።

እኔም መረጥኩ። ጎማውን ከጎመኑ ነቅዬ ጌሾው ሥር አስተኛሁት። ለአንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ማልኩ። ቀኑም አንድ ቀን ብቻ ሆኖ ሰነበተ፤ በየቀኑ አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ግንቦት ገባ። የሰላም እህት ሠርግ ደረሰና አንድ ቅዳሜ ሰባት ነጠላ፣ ሦስት አንሶላ፣ የእኔን ነጭ ሸሚዝ ጨምራ በበረኪና ዘፈዘፈች። ከመድፋቷ በፊት በመስኮት ጠራችኝ።

«ጎማውን ንቀለው፤ በረኪና አለው!»

«እሺ» አልኩ። ኳስ እያየሁ ነበር፤ የእኛ ቡድን ቅጣት ምት አግኝቷል። ቅጣት ምቱ ተሳተ። እኔም ተናደድኩ፣ ከዳኛው ጋር ተጨቃጨቅኩ፣ ዕረፍት ሆነ። ያኔ ትዝ አለኝ። ሮጬ፣ ጌሾው ሥር ያለው አፈር ነጭ አረፋ ደፍቆ፣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ፉት ሲል ደረስኩ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እኛ ግቢ እያደር የጠራው ጌሾው ነው። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ከዳር ዳር ቢጫ ሆነ። በአምስተኛው ቀን መርገፍ ጀመረ። ነጠላዎቹም ነጡ፣ ጌሾውም ነጣ፣ እኔም ነጣሁ። ሌሊት እንቅልፍ ይዞኝ ሲሄድ የእትዬ የሽመቤት ጣት ባዶ ግንድ ሲዳስስ ይታየኛል። ቤት እንደሚያስለቅቁኝ አልተጠራጠርኩም። ሰላም የምታስቀምጠውን ካርቶን በዓይኔ እየለካሁ የትኛው ዕቃ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ አስብ ጀመር።

ያን ሰሞን ስልካቸው በየማታው ይመጣል። እኔም ለሚስቴ አልሰጥ ነገር፣ አደራው የእኔ ነው።

«ጌሾዬ እንዴት ነው?»

«ለምልሟል እትዬ!»

«ተመስገን። ቆይ ለእቴቴ ልንገራት…» ይሉና ከስልኩ ዞር ብለው «ለምልሟል አለ!» ሲሉ ይሰማኛል። ከወዲያ የደከመ ድምፅ «እሰይ» ይላል።

ውሸታም ሁሉ አንድ ችግር አለበት፤ ትናንት ከዋሸው ዛሬ አሳንሶ መዋሸት አይችልም። በሳምንቱ ጌሾው መስኮታቸውን ሊጋርድ ደርሶ ነበር።

«ይሄን ያህል ካደገማ» አሉ አንድ ማታ፣ «ሁለት ቅርንጫፍ ቀንጥበህ በመኪና ላክልኝ። እቴቴ ልሽተተው እያለች ነው።»

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ የዘጌ ጀልባ የሚያራግፍበት ሄጄ ከአንዲት ሴት ለምለም ጌሾ በሸክም ገዛሁ። ሁለት ቅርንጫፍ መርጬ በቆላ ድባ መኪና ላክሁ። ማታ ስልኩ ሲጮኽ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ።

«ደረሰ። እቴቴ ግን ‹ሽታው የሙላት አልመሰለኝም› አለች።»

«ሕመም… ሕመም አፍንጫ ይዘጋል እትዬ።»

«እንዲያ ይሆናላ» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እየታዘቡ ነበር።

ኮሌጃችን ውስጥ የእርሻ ነገር የሚያስተምር አንድ መምህር አለ። ነገሩን «የአንድ ወዳጄ ጌሾ» ብዬ አማከርኩት። «ወዳጅህ» አለ ፈገግ ብሎ፣ «አፈሩን በብዙ ንጹህ ውሃ አጥቦ ሳሙናውን ወደ ታች ያውርደው።» ብዙ ንጹህ ውሃ! ቧንቧው ለሠርጉ እጥበት አንድ ቀን ብቅ ብሎ መልሶ ጠፍቷል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ስምንት ጀሪካን ባጃጅ ላይ ጭኜ ጣና ዳር ወረድኩ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ አዛጋና፣ «ጉማሬ በዚህ ሰዓት ነው ከግጦሽ ወደ ውሃ የሚመለሰው። በእሱና በውሃው መካከል እንዳትቆም ብቻ» አለኝ።

«የት እንዳለ ካላወቅኩ መካከል መሆኔን በምን አውቃለሁ?»

«ሲመጣ ታውቃለህ።»

ሦስተኛውን ጀሪካን ስሞላ መጣ። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ዝም ብሎ በውሃው ላይ ወደ እኔ። ጩኸቴን እኔ አልሰማሁትም፣ ሾፌሩ ነው የነገረኝ። ጀሪካኑን ትቼ፣ አንድ ጫማዬን ጭቃ ውስጥ ትቼ፣ ባጃጁ ውስጥ ገብቼ የምዘጋው በር ፈለግኩ። ባጃጅ በር የለውም። ለካ የመጣው ነፋስ የገፋው የእምቦጭ ክምር ኖሯል። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪያለቅስ ሳቀ፤ እየሳቀም ቢሆን ጀሪካኖቹን የሞላልኝ ግን እሱ ነው።

ውሃውን አፈሰስኩት። ጌሾው ምንም አላለም። የቀሩት ቅጠሎች ረገፉ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሰላም አሁንም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ትተርከዋለች፤ ስለዚህ እኔው ልንገራችሁ። ከዘጌ ጀልባ የገዛሁት ጌሾ ተርፎ ባልዲ ውስጥ ነበር። በአረንጓዴ ክር አንድ በአንድ ደረቁ ግንድ ላይ አስርላቸው ጀመር። ሰላም በር ላይ ቆማ አየችኝ።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?»

«ቀስ በቀስ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ በሩቁ ይዩት።»

«ሲጠወልግስ?»

«በሦስት ቀን አንዴ እቀይረዋለሁ።»

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ዱካ ላይ ቆሜ፣ መቀስ በጥርሴ ነክሼ የላይኛውን ቅርንጫፍ ሳስር፣ የግቢው በር ተከፈተ። ሳይደውሉ፣ ሳያስነግሩ፣ እትዬ የሽመቤት ሻንጣቸውን ይዘው ገቡ። መቀሱ ከአፌ ወደቀ። ከዱካው መውረድ አቃተኝና እዚያው እንደ ሐውልት ቆምኩ።

ሻንጣቸውን አስቀመጡ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሰደዱና አንዱን ቅጠል ዳሰስ አደረጉት። ቅጠሉ ከነክሩ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ይሄ ክር የምንድን ነው?»

«የሰላም… የቀሚስ ነው እትዬ።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቧንቧውን፣ ጎማውን፣ በረኪናውን፣ ቅጣት ምቱን፣ የዘጌዋን ሴት፣ እምቦጩን ሳይቀር።  

«እኔ ሰው አልቆጣም…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ዱካውን ከእግሬ ሥር ሊስቡት መስሎኝ ወረድኩ፤ እሳቸው ተቀመጡበት።

«እቴቴ ‹የሙላት ጌሾ እንዴት ነው› ትለኛለች። ‹ለምልሟል› እላታለሁ። ‹እሱ ከለመለመ እኔም እነሣለሁ› ትለኛለች። በየማታው እንዲህ ተባባልን። ይኸው ተነሣች፤ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጣች።» ክሩን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት። «ጌሾስ ይደርቃል፣ ዛፍ ነው። እኔን ግን ሕመምተኛ ፊት ውሸታም አደረግኸኝ። አሁን ምን ብዬ ልንገራት?»

ምድር አልተከፈተችልኝም እንጂ ብትከፈት ሳልጠራ እገባ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ስፈራው የነበረው ከቤት መውጣት መሆኑን ያን ጊዜ ረሳሁት። አፈርኩ። ከፍርሃቴ በታች ይህን የሚያህል ሐፍረት መኖሩን አላውቅም ነበር።

ወደ ቤታቸው ገብተው ሲወጡ በእጃቸው መጥረቢያ ይዘዋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቴን አልክድም።

«እንካ። ከአፈሩ አስጠግተህ ቁረጠው።»

«እትዬ፣ ኧረ ስለ ሚካኤል!»

«ቁረጠው አልሁህ። ሥሩ ካልሞተ ጌሾ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከሞተም እንወቀው።»

ቆረጥኩት። ሠላሳ ዓመት የቆየ ግንድ ነው፤ መጥረቢያው ባረፈ ቁጥር እኔ ነበርኩ የምደነግጠው። ስጨርስ «ቤቱን… መቼ ልልቀቅ?» አልኩ።

«ልልቀቅ? የት አባትህ ልትሄድ ነው?» አሉ። «እስኪያቆጠቁጥ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የለም። በሁለት ቀን አንዴ ሁለት ባልዲ። ጠዋት ጠዋት ደጄ መጥተህ ያለውን ትነግረኛለህ፤ ያለውን ብቻ። የማኅበሩ ዕለትም ነገሩን አንተው ትናገራለህ።»

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ጠላው በገበያ ጌሾ ተጠመቀ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ አንድ ሁለቴ እንደተጎነጩ እትዬ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ተነሣሁ። የሚያፈጡብኝን ዓይኖች ሳይ የተዘጋጀሁበት ንግግር ጠፋና ከመሃሉ ጀመርኩት።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይቅር በሉኝ፤ ጌሾው እጣቢ ጠጥቶ ነው።»

ብርጭቆው ሁሉ አየር ላይ ቆመ። አንድ ሽማግሌ የጎረሱትን ጠላ መዋጥም መትፋትም ተስኗቸው፣ ጉንጫቸው እንደተነፋ፣ ዓይናቸውን ወደ ማኅበሩ ንስሐ አባት አዞሩ። ንስሐ አባቱ የያዙትን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ የያዝነው የየትኛው ጌሾ ነው?»

«የገበያው ነው አባ! ያኛውማ ተቆረጠ!»

«ታዲያ ከእሱ አትጀምርም!» አሉ። ሽማግሌው ዋጡ። ከዚያ እስከ ጣና ዳር የሚሰማ ሳቅ ሆነ። እትዬ የሽመቤት ብቻ አልሳቁም፤ ጠላቸውን ቀመስ አደረጉና አስቀመጡት።

ክረምት ገባ። ባሕር ዳር ስትዘንብ እንደ ቧንቧዋ አይደለችም፤ ሳታቋርጥ ነው። እኔም በሁለት ቀን አንዴ፣ ጃንጥላ በአንድ እጄ ባልዲ በአንድ እጄ፣ ጎርፍ የተኛበትን ጉቶ ውሃ አጠጣለሁ። አላፊ አግዳሚው በአጥር ቀዳዳ አይቶ ያማትባል። አንድ ጠዋት ፈራ ተባ እያልኩ «እትዬ፣ ዝናቡ እኮ…» አልኩ።

«የዝናቡ የዝናቡ ነው። ያንተ ያንተ ነው።»

ጠዋት ጠዋት ደጃቸው እቆማለሁ። «እህ?» ይላሉ ከውስጥ። «ምንም የለም እትዬ» እላለሁ። ይህን መናገር ይከብዳል ብላችሁ አታምኑኝም። ከአርባ ቀን በላይ፣ በየጠዋቱ፣ ለአንዲት ባሏን የምትጠብቅ ለምትመስል ሴት ‹ምንም የለም› ማለት! ምላሴ ላይ ‹ትንሽ አበጥ ያለ ነገር አለ› የምትል ቃል ስንቴ መጥታ እንደዋጥኳት እኔ ነኝ የማውቅ። ሥሩ ሞቷል ብዬ ደምድሜ፣ አንድ ቀን ራሳቸው «በቃ ተወው» የሚሉኝን ቀን እየፈራሁ ነበር የምሄደው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት፣ ባልዲዬን ይዤ ጎንበስ አልኩ። ከጉቶው ጎን፣ ልጣጩን ሰንጥቃ፣ የአይጥ ጆሮ የምታክል ነገር ወጥታለች። ዓይኔን አሸሁ። ክር ይኖራት እንደሆን በጣቴ ፈተሽኩ፤ እኔ ራሴን ማመን ትቼ ነበርና። ክር የላትም።

ደጃቸው ሄጄ ቆምኩ።

«እህ?»

«አለ።»

 «ውሸትህን ነው» አሉ ከውስጥ።

«ሁለት ቅጠል ናት እትዬ። ሁለተኛዋ ገና አልተፈታችም።»

በባዶ እግራቸው ወጡ። ጭቃውን አላዩትም። ጉቶው አጠገብ ሲደርሱ ነጠላቸውን ሰብስበው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ፊታቸውን አስጠጉ፣ ጣታቸውን ሰደዱና ሳይነኳት መለሱት። እኔ ባልዲውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። 

«እትዬ፣ ጭቃ ነው፤ ልደግፍዎ?»

«ተወኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እንዴት አደርህ እያልሁት ነው።»